ካልሲየም ከመጨመርዎ በፊት ጨዉን ይለኩ

ጥያቄ፦ «ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ድንጋይና አሸዋው ተቀንሶ 200 ሊትር የሚይዝ የባሕር ውሃ አኳሪየም አለኝ። ሁለት ክላውንፊሽ፣ ጥቂት ለስላሳ ኮራልና አራት ትንንሽ ድንጋያማ ኮራሎች አሉበት። ካልሲየም ስለካ 350 ሆነ፣ ኬኤች 6፣ ጨዋማነቱ በሃይድሮሜትር 1.022። ካልሲየሙን ከፍ ለማድረግ 36 ግራም ካልሲየም ክሎራይድና 13 ግራም ቤኪንግ ሶዳ አንድ ብርጭቆ ውስጥ በጥብጬ ጨመርኩ። ውሃው ወተት መሰለ፤ እስከ ማግስቱም አልጠራም። ሲጠራ ብለካ ካልሲየሙ 380 ሆኗል፣ ኬኤች ግን ወደ 5.4 ወርዷል። አንዱ ጓደኛዬ ከመርካቶ ኖራ ገዝተህ በጥብጥ ይለኛል። ሌላው የካልሲየም ኪኒን ፈጭተህ ጨምርበት አለኝ። ምን ላድርግ?»

ከዛሬ ጀምሮ ካልሲየም አይጨምሩ። ኖራውም ኪኒኑም ይቅሩ። ውሃዎ የጎደለው ጨው ነው፤ ካልሲየሙ አብሮት ነው የወረደው።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን እንያቸው። ትክክለኛ የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ይይዛል። በሃይድሮሜትር 1.026 አካባቢ ማለት ነው። በዚያ ውሃ ውስጥ ካልሲየም ከ410 እስከ 420 ሚሊግራም በሊትር፣ ማግኒዥየም 1,300 አካባቢ፣ ኬኤች (በውሃው ውስጥ ያለው የካርቦኔት መጠን፣ በዲግሪ የሚለካ) ደግሞ 7 ገደማ ይሆናል። የእርስዎ 1.022 ከ29 እስከ 30 ግራም ጨው ነው። ከሙሉው ባሕር 84 በመቶ አካባቢ መሆኑ ነው። የ415 ካልሲየም 84 በመቶ 350 ገደማ ይመጣል። የ7 ኬኤች 84 በመቶ ደግሞ 5.9። መጀመሪያ የለኩት 350 እና 6 ነበር። ኮራሎቹ ካልሲየሙን ጨርሰውት ቢሆን ኖሮ ኬኤች ቀድሞ ወለሉን ይነካ ነበር፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመለስበታለሁ። እዚህ ግን ሁሉም እኩል ነው የቀነሰው። ባሕሩ ቀጥኗል። ማግኒዥየም አልለኩም እንጂ እሱም 1,090 አካባቢ ወርዶ ነው የሚያገኙት።

ጨው እንዴት ሊጎድል ቻለ? ብዙ ጊዜ የማየው ጨዉን በስኒ ወይም በኩባያ እየሰፈሩ መበጥበጥ ነው። የአኳሪየም ጨው እርጥበት ይስባል። በክረምት ክዳኑ በደንብ ካልተዘጋ ከክብደቱ ከፊሉ ውሃ ይሆንና ያው አንድ ኩባያ ያነሰ ጨው ይይዛል። ሁለተኛው መንገድ ስኪመሩ ነው፤ ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ። የሚደፉት ቡናማ ውሃ ጨው አለበት፤ የሚተኩት ግን በንጹሕ ውሃ ነው። ሦስተኛው የሚተነውን ውሃ ከምልክቱ አሳልፎ መሙላት ነው። ስለዚህ ጨው በሚዛን ይመዘን፤ የተበጠበጠው ውሃም ወደ አኳሪየሙ ከመግባቱ በፊት ይለካ።

ሃይድሮሜትርዎም ይፈተሽ። የፕላስቲኩ ክንድ ላይ አንዲት የአየር አረፋ ከተለጠፈች ክንዱን ወደ ላይ ታነሳዋለች፤ ያኔ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ያነብባሉ። ውሃ ሞልተው በጣትዎ መታ መታ ያድርጉት፣ አረፋው ይሂድ፣ ከዚያ ያንብቡ። አቅም ካለዎት ጨዋማነትን በብርሃን የሚለካው ሪፍራክቶሜትር ይሻላል፤ ጨዋማነቱ 35 በሆነ የማስተካከያ ፈሳሽ ሲስተካከል።

መቼም ጨው ጎደለ ሲባል የአፋር ጨው የሚያስብ አይጠፋም። ለወጥ የሚሆነው ጨው በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው፤ አዮዲንም ይጨመርበታል። በሃይድሮሜትር 1.026 ሊያሳይዎት ይችላል፤ ካልሲየሙ፣ ማግኒዥየሙና ኬኤች ግን አይኖሩም። ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀ ጨው ብቻ ይጠቀሙ።

አሁን ወደ ወተቱ። እርስዎ ግራሙን መዝነው ስለጻፉልኝ የሆነውን ነገር እስከ መጨረሻው ማስላት ይቻላል፤ እንዲህ የሚጠይቁኝ ብዙ አይደሉም። የተለመደው ካልሲየም ክሎራይድ ውሃ የቋጠረው ዓይነት ነው፤ 27 በመቶው ካልሲየም ነው። 36 ግራሙ ለ200 ሊትር 49 ሚሊግራም በሊትር ይጨምራል። ከ350 ተነስተው 399 መድረስ ነበረብዎት፤ ያገኙት 380 ነው። 20 ገደማ ጠፋ። 13 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ ኬኤችን 2.2 ያህል ያነሳል። ከ6 ተነስተው 8.2 መድረስ ነበረብዎት፤ ያገኙት 5.4 ነው። 2.8 ጠፋ።

ሁለቱ የጠፉት አንድ ላይ ነው የሄዱት። ካልሲየምና ካርቦኔት ተያይዘው ካልሲየም ካርቦኔት ሲሆኑ፣ ለ20 ሚሊግራም ካልሲየም ሁልጊዜ 2.8 ዲግሪ ኬኤች ይወስዳሉ። ኮራሉም አፅሙን የሚሠራው በዚሁ ልክ ነው። ልዩነቱ የእርስዎ ሠሪ ኮራሉ ሳይሆን ብርጭቆው መሆኑ ነው። ሁለቱን በአንድ ብርጭቆ ሲበጠብጧቸው እዚያው ተያይዘው ነጭ ዱቄት ሆኑ። በስሌት 10 ግራም ያህል ጠመኔ አኳሪየሙ ውስጥ ሠርተዋል ማለት ነው። ማግኒዥየሙ ዝቅ ማለቱም ሳያግዘው አልቀረም። ማግኒዥየም የጠመኔው ቅንጣት እንዳያድግ የሚከለክል ነውና፣ ሲጎድል ካልሲየም በትንሽ ሰበብ ይዘቅጣል።

ያ ዱቄት አሁን ተመልሶ አይሟሟም። ዓሦቹንም አይመርዝም፤ በድንጋጤ ውሃውን በሙሉ አይቀይሩ። ግን ሂተሩንና ፓምፑን አውጥተው ይዩ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚይዘው ነጭ ቅርፊት ያለ ነገር ከተለጠፈባቸው፣ ከሶኬት ነቅለውና ሂተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው ኮምጣጤ በተቀላቀለበት ውሃ ይዘፍዝፏቸው፤ ከዚያ በደንብ ያለቅልቁ። ቅርፊት የለበሰ ሂተር ሙቀቱን ወደ ውሃው ስለማያሳልፍ ራሱን ያቃጥላል። የተለጠፈበት ፓምፕ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ይቆማል።

የማስተካከሉ ሥራ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ። መጀመሪያ ኬኤች፤ 5.4 ለድንጋያማ ኮራል ዝቅተኛ ነው። ዛሬ 6 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ብቻውን በግማሽ ሊትር ንጹሕ ውሃ ያሟሙ። ውሃው በደንብ በሚንቀሳቀስበት ቦታ ላይ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቀስ እያደረጉ ያፍስሱት። ይህ ለ200 ሊትር 1 ዲግሪ ይጨምራል። ነገ ደግሞ ያንኑ ያህል። በአንድ ቀን ከ1 ዲግሪ በላይ አያንሱ፤ ኮራል ዝቅ ያለ ኬኤች ይችላል፣ ድንገት የሚዘል ኬኤች ግን ጫፉን ያነጣዋል። ሲገዙ ማሸጊያውን ያንብቡ። ቤኪንግ ሶዳ እንጂ ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሆን። ፓውደሩ ኬክ የሚያስነሳ አሲድ አለበት፤ ብዙ ጊዜም ፎስፌት ይኖረዋል፣ ያም አልጌ ነው የሚያፈራልዎት።

ከዚያ ጨዉ። የሚተነውን ውሃ በንጹሕ ውሃ መተካቱን ለጊዜው ያቁሙና በሊትር 35 ግራም በተበጠበጠ የጨው ውሃ ይተኩ። በበጋው ደረቅ አየር በቀን አንድ ሊትር ተኩል ቢተንብዎት 50 ግራም ገደማ ጨው በቀን ይገባል። በሳምንት አንዴ 20 ሊትር ውሃ ሲቀይሩም ምትኩ በዚሁ ልክ ይሁን። በጠቅላላው ከአንድ ኪሎ ትንሽ የበለጠ ጨው ስለሚያስፈልግዎ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። ይውሰድ። በቀን ከ1 ግራም በሊትር በላይ ጨዋማነት አይጨምሩ፤ ደረቅ ጨው አኳሪየሙ ውስጥ መበተን ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። 1.026 ሲደርሱ ወደ ንጹሕ ውሃ ይመለሱ።

ያን ጊዜ ካልሲየሙን ይለኩ። እንደ ጨዉ ዓይነት ትንሽ ቢለያይም ከ420 እስከ 450 መሆን አለበት፤ አንዲት ቅንጣት ካልሲየም ክሎራይድ ሳይገባበት። ማግኒዥየሙም አብሮ ወደ 1,300 ይጠጋል። በመጀመሪያው ሐሳብዎ ገፍተው ካልሲየሙን በቀጥነው ውሃ ላይ 420 ቢያደርሱት ኖሮ፣ በኋላ ጨዉ ሲስተካከል 490 ይገባ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ማቆየት ነው። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው የካልሲየም ቁጥር እያሳደደ መሆኑ ነው። የካልሲየም መለኪያ ኪት በጠብታ የሚሠራ ነው። በብዙዎቹ ኪቶች ውሃው መጀመሪያ ሮዝ ይሆናል፤ ጠብታ ሲጨመርበት ሐምራዊ፣ በመጨረሻ ጥርት ያለ ሰማያዊ። ሐምራዊው ላይ የቆመ ሰው ዝቅ ያለ ቁጥር ይጽፋል። በአንዳንድ ኪት አንዷ ጠብታ 20 ሚሊግራም ናት። ስለዚህ ትናንት 420፣ ዛሬ 400 ቢልዎት ምንም አልተለወጠ ይሆናል። ጨው በሌለው ውሃ ለሚኖር ዓሣ የሚሸጠው የጠቅላላ ጥንካሬ ኪት ደግሞ ካልሲየምና ማግኒዥየምን አንድ ላይ ስለሚቆጥር ለባሕር ውሃ አይጠቅምዎትም።

ኬኤች ግን ይናገራል። ከላይ ያየነውን ልክ ያስታውሱ፤ ካልሲየም ከ420 ወደ 400 ሲወርድ አንድ ሃያኛ ቢቀንስ ነው፣ በዚያው ጊዜ ኬኤች ከ8 ወደ 5.2 ይወርዳል። ከሲሶ በላይ መሆኑ ነው። የኮራሉ ፍጆታ ቀድሞ የሚታየው ኬኤች ላይ የሆነው ለዚህ ነው። ጨዉ ከተስተካከለ በኋላ ኬኤችን 8 ያድርሱትና ለአራት ቀን ምንም አይጨምሩ፣ ውሃም አይቀይሩ። ከዚያ ይለኩ። 7.2 ሆኖ ቢያገኙት በቀን 0.2 ዲግሪ ይበላል ማለት ነው። ያንን ለመመለስ በቀን 1.2 ግራም ቤኪንግ ሶዳና 1 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ይበቃል። በአንድ ብርጭቆ ከጨመሩት 36 ግራም ጋር ያስተያዩት። ለአራት ትንንሽ ኮራል የሚያስፈልገው ይህን ያህል ትንሽ ነው፤ ለስላሳዎቹ ኮራሎች እንደሆነ ከቁጥር የሚገባ አይወስዱም።

አጨማመሩ የተለየ ይሁን። ሁለት ጠርሙስ፣ ሁለት ሲሪንጅ። ቤኪንግ ሶዳው ጠዋት፣ ካልሲየም ክሎራይዱ ማታ፤ እያንዳንዱ ፓምፑ አጠገብ፣ በቀስታ። በማንኛውም ምክንያት ካልሲየም ማንሳት ቢያስፈልግዎ በቀን ከ20 ሚሊግራም በሊትር አይለፉ። ካልሲየም ክሎራይድ ለምግብ የሚሆን ወይም የላቦራቶሪ ደረጃ ያለው ይሁን፤ አይብ ለመሥራት የሚሸጠው ዓይነት ይሆናል። ሻጩን ውሃ የቋጠረው ነው ወይስ ደረቁ ብለው ይጠይቁ፤ ደረቁ 36 በመቶ ካልሲየም ስለሆነ የሰጠሁዎት ግራም ለእሱ ይበዛል። ሲሟሟ ውሃው በጣም ይግላል። ዱቄቱን ወደ ውሃው በትንሽ በትንሹ ይጨምሩ እንጂ ውሃ ዱቄቱ ላይ አያፍስሱ።

የጓደኛዎ የኖራ ሐሳብ ከባዶ የመጣ አይደለም። ካልክዋሰር የሚባል ዘዴ አለ፤ ንጹሕ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማለትም የታሸ ኖራ፣ በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ የሚተነውን ውሃ ቀስ በቀስ ይተካል። ካልሲየምንና ኬኤችን ልክ ኮራሉ በሚፈልገው ሚዛን ይሰጣል። ችግሩ ለግድግዳ ቅብ የሚሸጠው ኖራ ነው። ከድንጋዩ ጋር ምን ብረት፣ ምን አፈር እንደተቃጠለ አይታወቅም። ያ አኳሪየም ውስጥ አይገባም። ንጹሑን ቢያገኙ እንኳ ለአንድ ሊትር 1.5 ግራም ገደማ ብቻ ነው የሚሟሟው። ፒኤቹ 12 ያልፋል። አንድ ብርጭቆ በአንዴ ቢደፋ ፒኤቹን ከጣሪያ በላይ ያወጣውና ሌላ ወተት ይሠራል። የሚጨመረው በጠብታ፣ ማታ ማታ ነው፤ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አዲስ የግሉኮስ ቱቦ ለዚህ ጥሩ አድርጎ ይሠራል። ሲበጠብጡ ጓንትና መነጽር ያድርጉ። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ሐኪም ቤት ነው። እና እባክዎ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ አያስቀምጡት። ሲጠራ ከሚጠጣ ውሃ አይለይም፤ ቤት ውስጥ ልጅ አለ፣ እንግዳ ይመጣል።

ለእርስዎ አኳሪየም አሁን ካልክዋሰር አልመክርም። ፍጆታዎ ለእሱ ትንሽ ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቱቦው ወይም ማስገቢያ ፓምፑ የሚያመጣው አደጋ ግን ትልቅ ነው።

ኪኒኑ ደግሞ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ራሱ ጠመኔው። በባሕር ውሃ ፒኤች፣ 8 እና ከዚያ በላይ፣ አይሟሟም። ማሰሪያው፣ ማቅለሚያው፣ ቫይታሚኑ ግን ይሟሟል። የእንቁላል ቅርፊትና የኮራል አሸዋም ካልሲየም ይለቃሉ የሚባለው በዚሁ ምክንያት አይሠራም። አሸዋውን የሚያሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚገባበት ሪአክተር ብቻ ነው፤ እሱም በድንጋያማ ኮራል ለተሞላ ትልቅ አኳሪየም እንጂ ለአራት ኮራል ወጪው አያዋጣም።

ስለ አዲስ አበባ ሁለት ነገር ልጨምር። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። መብራት ሲጠፋ ከካልሲየም በፊት የሚያልቀው ኦክስጅን ነውና በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይኑርዎት። ሁለተኛው ፒኤች ነው። በተዘጋ ሳሎን ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ሲፈላ በክፍሉ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨምራል፤ ውሃው ይስበውና ፒኤቹ ይወርዳል። ማታ 7.8 አይተው ማንሻ ኬሚካል ፍለጋ ከመሄድዎ በፊት መስኮት ይክፈቱ። ለእናንተም ለሳንባችሁ ነው።

የቧንቧ ውሃ ለጨው መበጥበጫም ሆነ ለመተኪያ አይጠቀሙ። የከተማው ውሃ ከፊሉ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ፣ ከፊሉ ከአቃቂ ጉድጓዶች ይመጣል። በውስጡ ያለው ማዕድን እንደ ምንጩ ይለያያል፤ ሮቶ ውስጥ ሲቀመጥም ያው ነው። ክሎሪንም አለው። በአርኦ (ማዕድኑን ሁሉ በሚያስቀር ማጣሪያ) የተጣራ ውሃ ከሌለዎት የካልሲየም ስሌትዎ ሁሉ በአሸዋ ላይ ነው።

ጨዉ እስኪስተካከል ኬኤችንና ጨዋማነትን በሳምንት ሁለቴ፣ ከዚያ በኋላ ኬኤችን በሳምንት አንዴ፣ ካልሲየምን በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ማግኒዥየምን በወር አንዴ ይለኩ። ካልሲየም ከ400 እስከ 450፣ ኬኤች ከ7.5 እስከ 9፣ ማግኒዥየም ከ1,250 እስከ 1,350 ውስጥ ካሉ እጅዎን ይሰብስቡ። ካልሲየሙ 480 ቢያሳይዎት የሚያወርድ ነገር አይፈልጉ፤ ካልሲየም ክሎራይዱን ብቻ ያቁሙ፣ ኮራሎቹ ራሳቸው ያወርዱታል። ጨዋማነቱ 1.026 ሆኖ፣ ማግኒዥየሙም ልክ ሆኖ ካልሲየሙ አሁንም ከ380 በታች ከሆነ ግን በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ኪቱ ነው። የማለቂያ ቀኑን ይዩና አዲስ በበጠበጡት የጨው ውሃ ላይ ይፈትኑት።